ጥድ ሳይቆረጥ ገናን ማስጌጥ፦ የእትዬ አስቴርና የናሆም ውይይት

ናሆም፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ርእሳችን የገና ማስጌጫ በቤት ውስጥ መሥራት ነው፤ ከጥድ ፍሬ፣ ከደረቀ ሣር፣ ከዛፍ ሥር ከሚለቀም ነገር ሁሉ። እትዬ አስቴር ደረጃ በደረጃ ያስረዱናል።

አስቴር፦ ደረጃ በደረጃ የምትለዋን አንተ ነህ የጨመርካት።

ናሆም፦ እሺ፣ እንደመጣልዎ ያስረዱናል። ከምን እንጀምር?

አስቴር፦ ከኅዳር እንጀምር። ሰው ስለ ጌጥ የሚያስበው ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚለቀመው ነገር ተቃጥሎ አልቋል። ኅዳር 12 አልፏላ!

ናሆም፦ ኅዳር ሲታጠን ማለትዎ ነው።

አስቴር፦ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጃት ወዲህ ሰፈሩ በየዓመቱ ጥራጊውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ጥራጊ የሚሉት ምን መሰለህ? ከየአጥሩ ሥር የተጠራቀመውን ፍሬ፣ ቅርፊትና ጭራሮ ነው። የእኔ ጌጥ እኮ ነው የሚነደው! ስለዚህ ጎረቤት መጥረጊያ ሳያነሣ ማዳበሪያዬን ይዤ እወጣለሁ።

ናሆም፦ ጎረቤት ምን ይላል?

አስቴር፦ ማገዶ ቸግሯት ነው ይላል። ይበል።

ናሆም፦ እኔ ግን ገና ከጅምሩ አንድ ተቃውሞ አለኝ። የጥድ ፍሬ የፈረንጅ ነገር አይደለም ወይ? በካርድ ላይ የምናያት፣ ቅርፊቷን ዘርግታ በረዶ የተነሰነሰባት። እኛ አገር ጥድ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለ ፍሬ ግን አይቼበት አላውቅም።

አስቴር፦ ያየኸው የሐበሻውን ጥድ ነዋ! የእሱ ፍሬ ጠጠር የምታክል፣ ስትበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የምትሄድ ናት። ወፍ ይበላታል እንጂ ለጌጥ አትሆንም። የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ በየግቢው አጥር ሆኖ የሚከረከመው ግን ድቡልቡል ፍሬ አለው። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ስትደርቅ ቅርፊቷ እየተላቀቀ ይከፈታል። አንተ በካርድ የምታውቃት ረዘም ያለችው ደግሞ ፓቱላ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ትመስላለች። ሙኔሳ ብትሄድ፣ ወንዶ ገነት ብትሄድ በፓቱላ የተተከለ ደን ታገኛለህ። ሁለቱም ዛፎች አገራቸው ሜክሲኮ ነው።

ናሆም፦ ይኸው! መጤ ናቸው አላልኩም?

አስቴር፦ በርበሬስ መጤ አይደል? እሱም ከአሜሪካ ምድር ነው የመጣው። ወጥህን ልትተው ነው?

ናሆም፦ በርበሬን አይንኩብኝ። እሺ፣ ፍሬውን ልቀበል። ጥጡ ግን አይዋጥልኝም። በረዶ በማናውቅበት አገር ጥድ ላይ ጥጥ መበተን ምን ይባላል?

አስቴር፦ ስለ ጥጥ ካነሣህ እንግዲህ ስማ። እኛ ቤት ጥዱ የሚቆመው በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ አፈርና ድንጋይ ሞልተንበት፣ ቆርቆሮውን በስጦታ ወረቀት ጠቅልለን። ፊኛ እንነፋለን፣ የዓምናውን ካርድ እንሰቅላለን። በረዶው ከየት ይምጣ? የፋርማሲ ጥጥ መግዣ የለንም። እናቴ ደግሞ ለአባቴ ጋቢ እየፈተለች ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶው ተጠቅልሎ በመሶብ ተቀምጧል።

ናሆም፦ ኧረ እትዬ!

አስቴር፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከእያንዳንዱ ባዘቶ ጫፍ ጫፉን ቆነጠርን። ከአንዱ ብዙ ከወሰድክ ይታወቃላ። ጥዱ ነጭ በነጭ ሆነ። እናቴ አየችው፣ ምንም አላለችም። እንግዳ መጥቶ ሲያደንቅ እንኳን «የልጆቹ ሥራ ነው» ትላለች፣ ፈገግ ብላ። ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። ከዚያ ጠርታን ጥዱ ሥር አስቀመጠችን። «በሉ እንግዲህ፣ ጥጤን ልቀሙልኝ!»

ናሆም፦ ከቅጠሉ ላይ?

አስቴር፦ ከቅጠሉ ላይ! የጥድ ቅጠል ደግሞ ሲደርቅ እንዴት እንደሚዋጋ ታውቃለህ። እጃችን እስኪያሳክከን ለቀምን። እሷ ደግሞ የለቀምነውን መልሳ ፈተለችው። ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ አባቴ ይለብሰዋል፣ አንገቱን ያካል፤ አውልቆ ያየዋል፣ እንደገና ይለብሰዋል፣ እንደገና ያካል። ከፈትሉ ጋር ደቃቅ የጥድ ቅጠል አብሮ ተሸምኗል። «ይህ ሸማኔ ምን ነካው?» ይላል። እናቴ ዝም። እኛም ዝም።

ናሆም፦ በመጨረሻ አወቁ?

አስቴር፦ ሸማኔውን ቀየረ!

ናሆም፦ ምስኪን ሸማኔ! ባልዋለበት! አድማጮቻችን፣ በዚህ አጋጣሚ ለእኒያ ሸማኔ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አስቴር፦ የእናቴን ብልሃት ግን አየህልኝ? ሳትቆጣ፣ ሳትገርፍ። ጥጧንም አላጣች።

ናሆም፦ ግሩም ነው፤ የጥድ ፍሬውን ግን ረሳነው።

አስቴር፦ አልረሳሁትም። ጥዱን ራሱን ቆርጦ ማምጣት ነው እኔ የተውኩት። ያኔ ማንም አይጠይቅህም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከለከለ። እኔ አዋጁን ፈርቼ አይደለም፤ ብዙ ዓመት ያደገ ጥድ ለአንድ ሳምንት ፊኛ ሲሰቀልበት ዓይኔ አልችል ብሎ ነው። የወደቀ ፍሬ ግን የማንንም ዕድሜ አያሳጥርም።

ናሆም፦ ፕላስቲኩስ? በየዓመቱ ከሳጥን የሚወጣው?

አስቴር፦ አይሸትም።

ናሆም፦ ይህ ብቻ ነው ምክንያቱ?

አስቴር፦ ይበቃል። ገና ሳይሸት ምን ገና ነው? አሁን ፍሬውን እንዴት እንደምታሰናዳ ልንገርህ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ትዘፈዝፈዋለህ፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ታደርግበታለህ። አፈሩ ይለቃል፣ ውስጡ የተደበቀ ነፍሳት ይወጣል። ያን ጊዜ የተከፈተው ፍሬ ዓይንህ እያየ ይዘጋል። ተበላሸ ብለህ እንዳትጥለው! ቅርፊቱ ሁለት ድርብ ነው፤ የውጪው ድርብ ውኃ ሲጠጣ ከውስጠኛው ይበልጥ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሲደርቅ ተመልሶ ይዘረጋል። ፍሬው ከዛፉ ከወደቀ ዓመታት ቢያልፉም ይህን ማድረጉን አይተውም። እኔ አንዱን መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ክረምት ይዘጋል፣ በጋ ይከፈታል።

ናሆም፦ ስለዚህ ከዘፈዘፍነው በኋላ ማድረቅ አለብን። ምድጃ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጠፍቶም ሙቀቱ ይቆያል አይደል? እዚያ ላይ ደርደር ማድረግ ነው።

አስቴር፦ ምን አልክ?

ናሆም፦ ምጣዱ ላይ...

አስቴር፦ ሙጫ ያለበት ፍሬ? በጎመን ዘር ተሟሽቶ፣ እንጀራ ማውጣት እስኪለምድ ስንት ልፋት የወሰደ ምጣድ ላይ? በማግስቱ ጥድ ጥድ የሚል እንጀራ ልትበላ ነው?

ናሆም፦ ወረቀት ከሥሩ ቢነጠፍስ?

አስቴር፦ ሙጫ ሲግል ወረቀቱን አልፎ ይሄዳል። አልሙኒየም ፎይል ካልሆነ በስተቀር።

ናሆም፦ እንግዲያው በፎይል ይቻላል ማለት ነው።

አስቴር፦ በፎይል... ምጣዱ የአንተ ከሆነ። የሚስትህ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ደግሞስ ለምን ትቸገራለህ? ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሰፌድ ላይ ዘርጋውና ግቢ አውጣው፣ ማታ ማታ አስገባው። በቀናት ውስጥ ይከፈታል። የፓቱላ ፍሬ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ዛፉ ላይ እንደተዘጋ ዓመታት ይቆያል፤ ጠንከር ያለ ሙቀት ካላገኘ ልቡን አይከፍትም። ለእሱ ምድጃ ያለው ሰው 100 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቆየው፣ ትሪውን በፎይል ሸፍኖ፣ ከአጠገቡ ሳይርቅ። ሙጫ እሳት ይወዳል።

ናሆም፦ ሌላ ምን እንጠቀማለን? ጥድ አጠገቡ የሌለ ሰው አለ።

አስቴር፦ አሁን ወደ እኔ ልብ መጣህ! ባሕር ዛፍ! ምኒልክ ማገዶ አጥተው ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ነው ያስቀራት። እንጦጦ ስትወጣ ከነጩ ባሕር ዛፍ ሥር ጎንበስ በል። ፍሬውን አንሥተህ አገላብጠው። ከታች ሾጠጥ ያለ፣ አራት ጠርዝ ያለው፣ አመድ የተነፋበት የሚመስል ነጭ ሰማያዊ ዱቄት የለበሰ ነው። ከላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ መሐሉ ተሰንጥቆ ኮከብ ሠርቷል። ኮከብ! ለገና ከኮከብ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ? ሰው ግን ይረግጠዋል።

ናሆም፦ እኔም ረግጬዋለሁ። ያንሸራትታል እኮ።

አስቴር፦ አትርገጠው። ዱቄቱ እንዳይለቅ አታጥበው፣ አትሸው፣ እፍ ብለህ አቧራውን ብቻ አባርር። የስፌት ወስፌ በእሳት አግለህ ጎኑን ትበሳዋለህ፤ ሲበሳ የሚወጣው ሽታ ጉንፋንህን ይነቅለዋል። ከዚያ በሲባጎ አንድ የባሕር ዛፍ፣ አንድ የፈረንጅ ጥድ፣ አንድ የባሕር ዛፍ እያልክ ትሰካለህ። መስኮት ላይ ከዳር እስከ ዳር ስትዘረጋው ሌላ ጌጥ አያሻህም። እኔ የባሕር ዛፉን ነገር ለሰው ሁሉ ነው የምናገረው።

ናሆም፦ እመሰክራለሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥም ሲናገሩ ሰምቼዎታለሁ።

አስቴር፦ ሰው ጠይቆኝ ነው! የጃካራንዳንም ፍሬ እንዳትንቀው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሲደርቅ አፉን የሚከፍተው። ግንዱ ሥር በሽ ነው።

ናሆም፦ ይህ ሁሉ መጤ ዛፍ ነው ብዬ አልመለስበትም። ግን የራሳችን የምንለው ጌጥ የለንም?

አስቴር፦ እንዴት የለንም! ቄጠማው ምንድን ነው? ለበዓል ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጃገረዶች መስክ ወርደው እየዘፈኑ እንግጫ ይነቅላሉ፣ ጎንጉነው ከአደይ አበባ ጋር ምሰሶ ላይ ያስራሉ። ያ የወቅት ጌጥ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ገና ሲደርስ ግን አደይ የለም፣ መስኩም ደርቋል። በጋ የሚሰጥህ ደረቅ ነገር ነው፤ ፍሬ፣ ስንደዶ፣ አክርማ። ስንደዶውን በአለላ ቀለም ነክረህ ከጥድ ፍሬ ጋር በክብ ብትጎነጉነው...

ናሆም፦ ቆይ፣ ቆይ። ጉንጉን በር ላይ ሊሰቅሉ ነው?

አስቴር፦ አዎን፣ ምን አለበት?

ናሆም፦ ጉንጉን እኛ ዘንድ የት ነው የሚቀመጠው? መቃብር ላይ! በርዎ ላይ ጉንጉን ያየ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ነው የሚገባው።

አስቴር፦ በጥድ ፍሬ የተሠራ እኮ ነው። ማን ነው በጥድ ፍሬ የሚያለቅስ?

ናሆም፦ ሰፈሩ ከሩቅ ሲያየው ጉንጉን ጉንጉን ነው፣ እትዬ። ዕድሩ ድንኳን ይዞ እንዳይመጣብዎ።

አስቴር፦ እንግዲያው ውስጥ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ይነጠፍ፣ መሐሉ ላይ ሻማ በብርጭቆ ይቀመጥ። ያለ ብርጭቆ ግን አይሞከርም፤ ስለ ሙጫው ነግሬሃለሁ።

ናሆም፦ በዚህ እንስማማ፤ በሩ ግን ለእኔ አልተዘጋም፣ ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ሰዓታችን እያለቀ ነው። አንድ የአድማጭ ጥያቄ አለ፦ የጥድ ፍሬን እንዴት ነው የምንሰቅለው?

አስቴር፦ ቀጭን ሽቦ ውሰድ። ከመቀመጫው በኩል ሁለተኛው የቅርፊት ረድፍ ሥር አስገባው፣ ዙሪያውን አዙረህ አገናኘውና ሁለቴ ጠምዝዘው። ሽቦው በቅርፊቱ ተሸፍኖ አይታይም። ኮላ አያስፈልግም፤ ኮላ በሙጫ ላይ አይዝም።

ናሆም፦ ከመስቀላችን በፊት ደግሞ ወርቃማ ቀለም እንነፋበታለን።

አስቴር፦ አንነፋበትም!

ናሆም፦ ትንሽ! ለበዓል ድምቀት!

አስቴር፦ ፈጣሪ ቡናማ አድርጎ የሠራውን? ሽታውንም እኮ ቀለሙ ይገድለዋል። ቅርፊቱ ጫፍ ላይ ነጭ ኖራ በብሩሽ ነካ ነካ ብታደርግ እሺ።

ናሆም፦ ኖራም በረዶ ነው እንግዲህ። ከጥጡ በምን ተሻለ?

አስቴር፦ ማንም አይፈትለውም።

ናሆም፦ እሺ ይሁን፤ ለእኔ ልጆች ስል አምስት ወርቃማ ፍሬ ብቻ ይፍቀዱልኝ።

አስቴር፦ ሁለት። እሱም ከኋላ በኩል።

ናሆም፦ ሦስት?

አስቴር፦ ሁለት አልኩህ!