ከቁልቢ አለፍ ብሎ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ድሬዳዋ ነኝ፣ ከዚራ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ድምፁ ማይኩ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረኝ ቬንቲሌተሩን አጥፍቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ እያላበኝ ነው የማወራው።

የዛሬው ወሬ ስለ ነፃነት ነው። ቃሉ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ግን መኪና ውስጥ ነው።

እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለተኛ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ይዛኝ ትሄዳለች። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ሁሌ ያቅለሸልሸኛል፤ ሎሚ ታሸተኛለች። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። ለዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ነው ይባላል። "ድል አድርገው ሲመለሱ ስለታቸውን አስገቡ" ትለኝ ነበር፣ ልክ ጎረቤታችን እንደሆኑ ሁሉ። ለኔ ዐድዋ ማለት ቁልቢ ነበር። ተራራውም፣ ጦሩም፣ ድሉም እዚያ የተካሄደ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ በመኪና ስመለስ ጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መንገዱን ሁሉ ስለ ጫት ዋጋ ሲያወሩኝ ነበር። ጨለንቆ ስንደርስ ወሬያቸውን አቋርጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓ አድርገው ፊታቸውን አበሱ። "ምነው አባባ?" አልኳቸው። "የኛ ሰዎች እዚህ ናቸው" አሉኝ።

ትንሽ ቆይቶ ቁልቢ ደረስን። እኔ አማተብኩ። አዩኝ። ምንም አላሉም፤ ወደ ጫቱ ወሬ ተመለሱ።

ጨለንቆን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ለፈተና ያህል። 1879 ዓ.ም.፣ ገና ሰሞን። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉበት ቦታ ነው። ከአሚሩ ጋር ሐረሪውም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም ተሰልፏል። ውጊያው ቶሎ አለቀ። ምኒልክ ሐረር ገቡና ከተማዋን ለመኮንን ሰጥተው ተመለሱ።

ያኔ ያላስተዋልኩት ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በራኡፍ ፓሻ እየተመራ ሐረር ገብቶ ነበር። የዚያን ጊዜውን አሚር መሐመድን ገደሏቸው። አሥር ዓመት ያህል ገዙ። ግብፆች በ1877 ሲወጡ አብዱላሂ አሚር ሆኑ። አስቡት እስቲ። ከተማዋ የራሷን አሚር አገኘች፣ ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ በደንብ ሳይሞላ ጨለንቆ መጣ።

ከጨለንቆ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚያችው ከሐረር ጦር ተነሳ። ራስ መኮንን እየመሩት በአምባላጌ፣ በመቀሌ አድርጎ ዐድዋ ደረሰ። ከጂቡቲ በግመል የሚጫነው ጠመንጃም የሚገባው በዚሁ በሐረር በኩል ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ቅኝ ሊገዛን መጥቶ ተሸንፎ ተመለሰ።

እና እኔ የምለው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ዐድዋ ሲነሳ ጨለንቆን "አሁን ምን ያመጣዋል?" የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ጨለንቆን እያነሳ ዐድዋን የሚያጣጥልም እንደዚያው። በ2012 የራስ መኮንን ሐውልት ሐረር ላይ ሲፈርስ ያዘነም ነበር፣ የጨፈረም ነበር። እናቴ "አጥፋው" አለችኝ፣ ቴሌቪዥኑን።

ደግሞ ከዳር ቆሜ የምፈርድ አይደለሁም። ቅድመ አያቴ በራስ መኮንን ጊዜ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነው። ጨለንቆ ባይኖር እኔ ድሬዳዋ አልወለድም ነበር። የቀረው ሰው ዘፈን ሲያዳምጥ እኔ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጬ ይህንን ነበር የማስበው። ልነግራቸው ፈልጌ አፌ ተያዘ።

የጣሊያኑ ጊዜም ያው ቀላል አይደለም። መጋቢት 20 ቀን 1928 ሐረር በአውሮፕላን ተደበደበች። ሚያዝያ 30 የግራዚያኒ ጦር ገባ። በዚያ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ በእኛው ባቡር በድሬዳዋ አልፈው ጂቡቲ ወረዱ። ያኔ የነበሩ ሰዎች ፉጨቱን ሰምተው ምን ብለው ይሆን?

ጣሊያን ከሐረር የወጣው በመጋቢት 1933 ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የምደነቀው። በማርዳ ተራራ መተላለፊያ በኩል ተዋግተው ሐረር ከገቡት ወታደሮች መካከል ናይጄሪያውያን ነበሩ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው የመጡት፤ ሀገራቸው ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ናይጄሪያ ነፃ የወጣችው በኛ አቆጣጠር በ1953 ነው። የራሱ ሀገር ነፃ ሳትወጣ ሐረርን ነፃ ያወጣ ልጅ፣ ማታ ካምፑ ውስጥ ጋደም ብሎ ምን አሰበ? ሐረር ነፃ የወጣችበትን ቀን ሳስብ እሱ ይመጣብኛል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ናይጄሪያውያኑ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። ስለ ጨለንቆ ስነግራት ግን ዝም አለች። እናቴ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ቡናዋን ደግማ ቀዳችና "ከቁልቢ ሩቅ ነው?" አለችኝ። አለፍ ብሎ ነው፣ በመንገዱ ነው አልኳት። "ታዲያ ዘንድሮ ደርሰን እንምጣ" አለች።

ትናንት ሁሌ የሚወስደንን ባለ ሚኒባስ አገኘሁትና ለታኅሣሥ እስከ ጨለንቆ ውሰደን አልኩት።

"እዚያ ማን አላችሁ?" አለኝ።

መልስ አጣሁ። በዋጋው ብቻ ተስማማን። ትንሽ ጨመረብኝ።

በሉ፣ ቬንቲሌተሬን ልክፈት። ደህና እደሩ።