የሴት ስብ፣ የወንድ ስብ፦ በምን ይካፈል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ስብ ሕዋስ ነው፤ ስኳር ሲደርሳት ምን እንደምታደርገው፣ ነገሩስ በሴትና በወንድ ለምን እንደሚለያይ። «የሴት ስብ ለኢንሱሊን ቶሎ ይታዘዛል፣ ስኳርም የበለጠ ይወስዳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሐሰት አይደለም። ግን ሁለት ጥያቄ ካልተጠየቀ ብዙ ትርጉም የለውም፤ ስቡ ከየት የተወሰደ ነው? ቁጥሩስ በምን ተካፈለ?

የመጀመሪያውን በግ ሲታረድ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ የሚታይ ስብ አለ፤ ሆዱ ሲከፈት ደግሞ አንጀቱን እንደ ዳንቴል የሸፈነው ሞራ አለ። እኛም ሁለቱም አለን። ሴት እስክታርጥ ድረስ በብዛት የምታከማቸው ዳሌዋ፣ መቀመጫዋና ጭኗ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ነው፤ ወንድ ወደ ሞራው ያደላል። የማርሴዩ ሐኪም ዣን ቫግ ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1947 ጽፎታል፤ ከስኳር በሽታ ጋር ያያያዘውም የወንዱን ዓይነት ውፍረት ነው። ከሞራ የሚለቀቀው ስብ በደም ሥር በቀጥታ ጉበት ይገባል። የጭን ስብ ግን መጀመሪያ መላ ሰውነትን ይዞራል።

ስኳሩ ምን ይሆናል? ኢንሱሊን ሲደርስ፣ ሕዋሷ ውስጥ በትናንሽ ከረጢቶች ተቀምጠው የቆዩ ግሉት 4 የሚባሉ የስኳር በሮች ወደ ሽፋኗ ይወጣሉ። በሮቹ ከውስጥ ወደ ውጭ እንደሚጓዙ እ.ኤ.አ. በ1980 የታወቀው በዚሁ በስብ ሕዋስ፣ በአይጥ ስብ ላይ ነው። ከሚገባው ስኳር ከፊሉ ላክቴት ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ ግን ግሊሰሮል ይሠራል፣ ሦስት የስብ አሲዶች የሚታሰሩበትን እንጨት በሉት። የስብ ሕዋስ የተለቀቀን ግሊሰሮል መልሳ የምትጠቀምበት ኢንዛይም እምብዛም የላትም፤ ስለዚህ ስኳር ካልገባ ስቡን የምታስርበት ያጥራታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢንሱሊን ሲሰጥ ከደም የሚወጣውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ የስብ ድርሻ ትንሽ ነው። እኔ እንደማየው የዳሌ ስብ ሴቷን የሚጠቅማት ስኳሩን ራሱ ጨርሶ ስለሚወስድላት ሳይሆን፣ ስቡን አስሮ ይዞ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል ነው። የሴት ሆርሞን የሚባለው ኤስትሮጅን ደግሞ የሴት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የኤስትሮጅን ተቀባዩ የማይሠራለት አንድ ወንድ በሕክምና መጽሔት ተዘግቦ ነበር፤ ኢንሱሊኑ ከፍ ያለ፣ ሰውነቱም ስኳር መቋቋም ያቃተው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደምወደው ጥያቄ ልምጣ። ሕዋሶቹን ለመለካት መጀመሪያ ስቡ በኮላጅኔዝ፣ ሕዋሶቹን ያያያዘውን በሚፈታ ኢንዛይም፣ 37 ዲግሪ ላይ እየተወዛወዘ ይፈታል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ሕዋሶቹም ይንሳፈፋሉ። ፈሳሹ ውስጥ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይጨመራል፣ የሚለቀቀውን የስብ አሲድ እንዲይዝ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ መስታወት ላይ ይፈነዳሉ። ፈሳሽ የሚቀዳበት የፒፔት ጫፉም ይቆረጥ፣ ጠባብ ከሆነ ይጨፈልቃቸዋል። ከላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ሕዋስ ፈንድቷል ማለት ነው፣ ቀድሞ የሚፈነዳውም ትልቁ ነው። የሴት ዳሌ ስብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ሕዋስ አለው። በችኮላ የተሠራ ሙከራ እንግዲህ ትልልቆቹን አፍንድቶ የተረፉትን ትንንሾች ይለካል።

ማካፈሉ ጋ ስንደርስ ደግሞ ይብሳል። በምሳሌ እንየው። የአንደኛዋ ሕዋስ ዲያሜትር 80 ማይክሮን፣ የሁለተኛዋ 100 ይሁን። የትልቋ ገጽ 1.56 እጥፍ፣ ይዘቷ 1.95 እጥፍ ይሆናል። ትልቋ 1.5 እጥፍ ስኳር ወሰደች እንበል። በሕዋስ ቁጥር ስታካፍሉ «ሃምሳ በመቶ ትበልጣለች»። በገጽ ስታካፍሉ «እኩል ናቸው» ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። በስብ ክብደት ስታካፍሉ ደግሞ «በሃያ ሦስት በመቶ ታንሳለች»። ያው ሕዋስ፣ ያው ስኳር፣ ሦስት ዜና! በምን እንደተካፈለ ያልጻፈ ወረቀት ካያችሁ እለፉት። የአይጥ ጥናት ከሆነም የመራቢያ አካልን የከበበው ስብ እንደ ሞራ ሲቆጠር ታገኛላችሁ። ሰው እንደዚያ ያለ የስብ ክምር የለውም።

ክሊኒክ ውስጥም ይኸው የማካፈል ጣጣ አለ። የስኳር መቋቋም ምርመራ ለማንኛውም አዋቂ 75 ግራም ግሉኮስ ነው፤ በ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ይጠጣል። 50 ኪሎ ለምትመዝን አጭር ሴትም፣ 85 ኪሎ ለሚመዝን ረጅም ወንድም እኩል። ጡንቻዋ ያነሰ ስለሆነ ስኳሩ ለእሷ ይበዛባታል። በየአገሩ ሲለካ ሴቶች ከጠጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሚለካው የደም ስኳር፣ ከ140 እስከ 199 ሚሊግራም በዴሲሊትር ባለው፣ የበለጠ ይያዛሉ። ወንዶች ደግሞ ከመጠጣታቸው በፊት በሚለካው የጾም ቁጥር። «የሴቷ ስብ ይሻላል ካላችሁ ለምን ከፍ አለባት?» ብሎ ለሚጠይቅ አንዱ መልስ ይኸው ነው፤ ቁመቷን ሳታዩ ስቧን አትውቀሱ።

ምርመራውን የምታደርጉ ከሆነ ከዚያ በፊት ሦስት ቀን እንጀራውንም ዳቦውንም እንደ ወትሮው ብሉ፣ በቀን ከ150 ግራም ያላነሰ ካርቦሃይድሬት። ቁጥሩ እንዲያምር ብሎ እህል ቀንሶ የሚመጣ ሰው አለ፤ የሚያገኘው የተገላቢጦሹን ነው። ሰውነቱ በስብ መኖር ለምዶ ሳለ 75 ግራሙ በአንዴ ሲመጣበት የደም ስኳሩ ከፍ ይላል። ሌሊቱን ከ8 እስከ 14 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከምግብ መታቀብ፣ ውኃ ይፈቀዳል። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ደግሞ መቀመጥ ነው፤ ሲጋራም የለም፣ ደረጃ መውጣት መውረድም የለም።