ደጁ ግብፅ፣ ጓዳው መሶብ፦ የሊድሱ የተልባ ክር ፋብሪካና ቢሮው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ እንግሊዝ ነን፤ ሊድስ ከተማ፣ ሆልቤክ ሰፈር። እስቲ ይኼን ሕንፃ እዩልኝ። ግድግዳው ሽቅብ ሲወጣ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ዓምዶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ አናታቸው እንደ አበባ ፈንድቷል፤ ከላይ ክንፍ ያላት ፀሐይ ተቀርጻለች። ግብፅ ነው አላችሁ አይደል? ቢሮ ነው። የክር ፋብሪካ ቢሮ! ፋብሪካው ቴምፕል ወርክስ ይባላል።

ታሪኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ባለቤቱ ጆን ማርሻል የተልባ ክር የሚያስፈትል ባለሀብት ነበር። ፋብሪካው በ1840 ተጠናቀቀ፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጅ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ኮምብ፣ የግብፁን መልክ የሰጠው ደግሞ ጆሴፍ ቦኖሚ። ቦኖሚ ግብፅ ተቀምጦ ቤተ መቅደሶቹን ሲስል ዓመታት የቆየ ሰው ነው፤ የኤድፉን ቤተ መቅደስ ነው እዚህ ያመጣው። ጭስ ማውጫውም ሐውልት ነበር። አክሱምን አስቡና ከጫፉ ጭስ አውጡለት።

አሁን ወደ እናንተ አስተያየት። የፋብሪካው ጣሪያ ሣር የለበሰ ነበር፤ በጎችም ይግጡበት ነበር። ይኼን የሰማ ሁሉ «ፋብሪካው ለሱፉ ነው የሚያረባቸው» ይላል። አይደለም! እደግመዋለሁ፣ አይደለም! እዚህ ይፈተል የነበረው ሱፍ አይደለም፤ ተልባ ነው። እኛ ፍሬውን ወቅጠን እንጠጣለን፣ ግንዱን እንጥላለን። ክሩ ያለው ግን ግንዱ ውስጥ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተልባ እግር» የሚለው ይኸው ነው። የግብፅ ሬሳ የተገነዘውም በዚሁ ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ የቢሮው ደጅ ማስታወቂያ ነው። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያለ ሰው ይኼን ሙቀጫ አላየም።

በጎቹስ? ሣሩን ለማጨድ። ሣሩ ለምን? እዚህ ጋ መሶብ አምጡልኝ።

እንጀራን ከመሶብ ውጭ አስቀምጡት። ጠርዙ ይቆማል፣ ስትጠቀልሉት ይሰነጠቃል፣ ነገ ድርቆሽ ነው። መሶብ ውስጥ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ እንደለሰለሰ ያድራል። የተልባ ክርም እንደዚያው ነው። አየሩ ሲደርቅበት ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ሠራተኛው እጁን ሰዶ ይቀጥላል፣ ምርት ይቆማል። ስለዚህ አዳራሹ ሙቅና እርጥብ መሆን አለበት። ግን ትኩስ እንጀራ ከድናችሁ ታውቃላችሁ? ክዳኑ ያልበዋል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ክዳኑ ስለቀዘቀዘ ነው እንፋሎቱ ውሃ የሚሆነው። ቀዝቃዛ ጣሪያም እንደዚያው ማሽኑ ላይ ያንጠባጥባል። አፈርና ሣር የለበሰ ጣሪያ ግን ቶሎ አይቀዘቅዝም። በቃ፣ ሣሩ የመሶቡ ክዳን ነው! (መሶቡ ከገባችሁ ሰብስክራይብ በሉ፤ ካልገባችሁም በሉ።)

አሠራሩን በአጭሩ፦ ከታች የብረት ዓምዶች፣ በላያቸው ዝቅ ያለ የጡብ ቅስት፣ ቅስቱ ወደ ጎን እንዳይገፋ የብረት ማሰሪያ፣ ከዚያ ልስን፣ ሬንጅ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር፣ ሣር። አፈሩ ሬንጁን ከፀሐይ ስንጥቅ ያድነዋል። ብርሃኑ ከ60 በላይ በሆኑ ሾጣጣ የመስታወት መስኮቶች ከላይ ይገባል፤ ምክንያቱም ወደ 8 ሺህ ካሬ ሜትር የሚሆን አንድ ክፍል ነው፣ የጎን መስኮት መሀሉ ድረስ አያበራም። የዝናቡ ውሃ በባዶዎቹ የብረት ዓምዶች ሆድ ውስጥ ይወርዳል። ብልህ ነገር ነው፤ ግን ቱቦው ሲደፈን ውሃው የሚተኛው ዓምዱ ውስጥ ነው፤ ብረቱ ከውስጥ ሲዝግ ከውጭ አይታይም።

ወደ ቢሮው ልመለስ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። የግብፅ ቤተ መቅደስ ጨለማ ነው፤ ጸሐፊ ግን ብርሃን ይፈልጋል። በኤድፉ በፊተኛው አዳራሽ ዓምዶች መካከል እስከ ግማሽ ቁመት የሚደርስ ግድግዳ አለ፣ ከሱ በላይ ክፍት ነው። ቦኖሚ ምን አደረገ? በዓምዶቹ መካከል መስታወት ገጠመ። የካህናት ደጅ የነበረው የጸሐፊ መስኮት ሆነ። ያጋደለው ግድግዳ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመልክ ብቻ ነው። የጥንቱ ቅርጽ ከጭቃ ግንብ የመጣ ነው፤ ጭቃ ከሥሩ ካልሰፋ ይናዳል፣ ድንጋይ ግን ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል።

መቆም ይችላል አልኩ እንጂ፣ በዲሴምበር 2008 (ይኼም እንደ ፈረንጅ ነው) ከፋብሪካው ፊት አንድ የድንጋይ ዓምድ ወድቆ ከላዩ ያለውን ግንብ ይዞ ወርዷል። በጎቹ እዚያ ጣሪያ ላይ እንዴት እንደወጡ ደግሞ፣ ደረጃ ስለማይወጡ ሊፍት ተሠራላቸው ይባላል። የሊፍቱ ነገር የሚቀጥለው ቪዲዮ ነው።