ክንፍን የመዘነው ሳጥን

[ምስል፦ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ላዩ መስታወት የተገጠመለት የእንጨት ሳጥን]

ይህን ሳጥን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ርዝመቱ 1.8 ሜትር ገደማ፣ ወርዱና ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንዱ ጫፍ ማራገቢያ አለው። ስለ ራይት ወንድማማቾች ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው መጀመሪያ የበረሩባትን ቀን ነው። ለእኔ ግን ከዚያች ቀን ይልቅ ይህ ሳጥን ይበልጥብኛል።

[ምስል፦ የአሸዋ ኮረብታ፣ ሞተር የሌለው ተንሸራታች]

እ.ኤ.አ. በ1901 ዊልበርና ኦርቪል ራይት ተንሸራታቻቸውን፣ ማለትም ሞተር የሌለውን አውሮፕላን፣ ይዘው ሰሜን ካሮላይና፣ ኪቲ ሆክ አጠገብ ወዳለው አሸዋ ሄዱ። ክንፉን የሠሩት ቀደምት ሊቃውንት ባስቀመጡት ቁጥር አስልተው ነበር። ክንፉ ግን ከተሰላው የማንሳት ኃይል ሲሶውን ያህል ብቻ ሰጠ። ዊልበር ተስፋው ተሟጠጠ። ሰው እስከ 50 ዓመት ድረስ አይበርም ብሎ ለወንድሙ መናገሩን በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ዴይተን፣ ኦሃዮ ወዳለው የብስክሌት ሱቃቸው ሲመለሱ ግን ሌላ ጥርጣሬ መጣባቸው። የተሳሳተው ክንፉ ሳይሆን ቁጥሩ ቢሆንስ?

መጀመሪያ የሞከሩት እጃቸው ላይ ባለው ነገር ነው። ከብስክሌት መሪ ፊት ሦስተኛ ጎማ አጋድመው አሰሩ፤ ጎማው ላይ አንድ ጎበጥ ያለና አንድ ጠፍጣፋ ብረት ተከሉ፤ ከዚያ ፔዳሉን እየረገጡ ከነፉ። የጎማው አዟዟር ጥርጣሬያቸውን አጠነከረው። ነገር ግን ብስክሌት እየነዱ የሚገኝ ልኬት አያስተማምንም። ሳጥኑን የሠሩት ያኔ ነው።

[ምስል፦ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሚዛን፣ በጣም ከቅርብ]

ይህች ሚዛን የተሠራችው ከብረት መጋዝ ምላጭና ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ከላይ ከቆርቆሮ ተቆርጦ በመዶሻ የተቀረጸ፣ መዳፍ የሚያህል ክንፍ ቆሞባታል። ከሥሩ ስፋታቸው የታወቀ ቀጫጭን ብረቶች ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላሉ። ማራገቢያው ሲዞር ክንፉ ወደ ጎን ይጎትታል፤ ብረቶቹ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ጠቋሚው አንድ ማዕዘን ላይ ይቆማል። የክንፉ የማንሳት ኃይል የሚሰላው ከዚያ ማዕዘን ነው።

ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። ነፋሱ በረታም ደከመም፣ ክንፉንም ብረቶቹንም የሚመታው ያው አንድ ነፋስ ነው። ስለዚህ የነፋሱ ፍጥነት ትንሽ ቢዋዥቅ ውጤቱ አይበላሽም። ሁለት ብስክሌት ሠሪዎች ይህን ማሰባቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሲለኩ ሁልጊዜ የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ዕቃ ከቦታው ቢነሳ የነፋሱ አካሄድ ይዛባል።

በጥቂት ወራት ውስጥ 200 ያህል የክንፍ ቅርጾች ሞከሩ። ነፋስ አንድን ነገር ምን ያህል እንደሚገፋ ለማስላት ከ100 ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው የአየር ግፊት ቁጥር 0.005 ነበር፤ እነሱ ሲያሰሉት 0.0033 አካባቢ ወጣ። በ1896 ከተንሸራታቹ ወድቆ የሞተው ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል የተወው የክንፍ ሠንጠረዥ ግን እንደጠረጠሩት የተሳሳተ አልነበረም። ሙት መውቀስ ቀላል በሆነበት ሰዓት ይህን የመሰከረለት ሳጥኑ ነው።

[ምስል፦ የ1901 እና የ1902 ተንሸራታቾች ጎን ለጎን]

ልዩነቱን በዓይናችሁ እዩት። የ1901ዱ ክንፍ 6.7 ሜትር በ2.1 ነበር። የ1902ቱ ረዝሞና ጠብቦ 9.8 ሜትር በ1.5 ሆነ። በመንገደኛ አውሮፕላን መስኮት የምታዩት ክንፍም እንዲሁ ረዥምና ጠባብ ነው። የክንፎቹን ጫፍ ማጠማዘዝን፣ ግራው ሲነሳ ቀኙ እንዲወርድ፣ ቀደም ብለው አውቀውት ነበር፤ አሁን ከእሱ ጋር የሚሠራ የጅራት መሪ ጨመሩበት። ተንሸራታቹ ታዘዘላቸው።

ቀጥሎ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ፕሮፔለር መጣ። የመርከብ ሠሪዎችን ስሌት ፈለጉ፤ የሚረዳቸው አላገኙም። ከብዙ ክርክር በኋላ ፕሮፔለር ማለት የሚሽከረከር ክንፍ መሆኑ ገባቸው፤ የሳጥኑን ሠንጠረዥ አውጥተው ከእንጨት በእጃቸው ጠረቡት። ከሞተሩ ጉልበት ሦስት አራተኛውን ያህል ወደ ግፊት የሚቀይር ሆነ። ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞሩ ያደረጉት አንዱን ሰንሰለት እንደ 8 ቁጥር በማጣመም ብቻ ነው።

ሞተሩን ሱቃቸው ውስጥ የሚሠራው ቻርሊ ቴይለር በ6 ሳምንት ሠራው። ጉልበቱ 12 የፈረስ ጉልበት ነበር። ተፎካካሪያቸው ሳሙኤል ላንግሌይ 52 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና የመንግሥት 50,000 ዶላር ነበረው፤ አውሮፕላኑ ግን ዲሴምበር 8 ቀን 1903 ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ።

ከ9 ቀን በኋላ ኦርቪል ለ12 ሴኮንድ፣ 36 ሜትር ተኩል ያህል በረረ። በዚያው ቀን አራተኛው በረራ 59 ሴኮንድ ቆየ። ከዚያ ነፋስ አውሮፕላኑን ገልብጦ ሰባበረው፤ ዳግመኛም አልበረረም።

[ምስል፦ ዴይተን አቅራቢያ ያለ የላም ግጦሽ ሜዳ]

እነሱ ግን ሌላ ሠሩ፤ ቀጥሎም ሌላ። ኦክቶበር 5 ቀን 1905 ዊልበር በዚህ ሜዳ ላይ እየዞረ 39 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለ39 ደቂቃ በረረ። የወረደው ነዳጁ ስላለቀ ነው።