የተሰበረ ሶላር ፓነል፦ ናሙናው ከየት ተቆረጠ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የተሰበረ ሶላር ፓነል አፈርና ውሃ ይበክላል ወይ ለሚለው መልስ የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው፣ መቁረጡ ነው።

በየጣሪያው በምናየው የሲሊከን ፓነል ዋናው ስጋት እርሳስ ነው፤ ብረቱን ማለቴ ነው። የሚገኘውም ባብዛኛው ሴሎቹን በሚያያይዙት ቀጫጭን የመዳብ ጥብጣቦች ብየዳ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በሁለት ጥብጣቦች መሃል የተቆረጠ ናሙና ንጹሕ ሊባል ይችላል። ጥብጣቦቹ ከሚገናኙበት ጠርዝ የተወሰደው ደግሞ ያንኑ ፓነል አደገኛ ቆሻሻ ያሰኘዋል።

አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ምርመራ ቲሲኤልፒ ይባላል። ቢያንስ 100 ግራም ናሙና ከ9.5 ሚሊሜትር እስኪያንስ ይሰበራል። ክብደቱን 20 እጥፍ የሚሆን፣ ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ 4.93 ነው። ጠርሙሱ በደቂቃ 30 ጊዜ እየተገለባበጠ 18 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ተጣርቶ ይለካል፤ በሊትር እርሳስ 5 ሚሊግራም፣ ወይም ካድሚየም የተባለው ሌላው መርዛማ ብረት 1 ሚሊግራም ከደረሰ አደገኛ ነው። ካድሚየም የሚያሰጋው በሲሊከን ፈንታ ካድሚየም ቴሉራይድ በሚባል ውህድ በተሠራ ፓነል ላይ ነው።

አንድ ፓነል 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 100 ግራም ከዚያ ከ200 አንድ እጁ ብቻ ስለሆነ ከአንድ ጥግ መውሰድ በፍጹም አይበቃም። በ2021 የወጣው ኤኤስቲኤም ኢ3325 የተባለው ደንብም የናሙና አወሳሰዱን ወጥ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው።

አሰባበሩም ያሳስታል። በመዶሻ ሲመታ ደቃቁ ብናኝ ይበተናል፤ ብረቱ ቶሎ የሚሟሟው ግን ከደቃቁ ነው። ከመጠን በላይ ከተፈጨ ደግሞ ሴሎቹን ከመስታወቱ ጋር የያዘው ፕላስቲክ የሚሰጠው መከላከያ ይጠፋና ቁጥሩ ያለልክ ይወጣል። ፍሬሙ ተነቅሎ የሚሸጥ ከሆነ አሉሚኒየሙን ናሙናው ውስጥ መጨመር ውጤቱን ማሳነስ ነው።

ቲሲኤልፒ አስመስሎ የሚያሳየው ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር የተቀበረን ፓነል ነው። ጣሪያ ላይ ተሰንጥቆ ዝናብ ለሚወርድበት፣ በሰልፈሪክና በናይትሪክ አሲድ የዝናብን ውሃ የሚያስመስለው ኤስፒኤልፒ የተባለው ሌላ ምርመራ ይሻላል። ሁለቱን ቁጥሮች ማምታታት በጣም የተለመደ ነው።

ስለዚህ ሪፖርት ሲደርሳችሁ ከቁጥሩ በፊት ቁርጥራጮቹ ከየት እንደተወሰዱ የሚያሳየውን ንድፍ ጠይቁ። ንድፍ ከሌለው፣ «አልፏል» የሚለውን አትቀበሉ።