አገር ስጡ፦ አዲስ ዘመቻ ለሚጀምሩ ጓደኞች በባሕር ዳር የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። ወላጆች፣ ታላላቆቻችን፣ ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰውታችሁ የመጣችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። «ክቡራትና ክቡራን» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን አራቱን ሳያቸው ግን ሳቄ መጣ። አውቃቸዋለኋ!

የተሰበሰብነው አዲስ ዘመቻ ልንጀምር ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ስንቅ የሚቋጥር የለም። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዷ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዱ ከአገሩ የተሰደደ ልዑል፣ ሌላው ደብተራ ልሁን ሊል ይችላል። መሪው በዙሪያቸው ያለውን ይነግራቸዋል፣ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ነገሩ ይሁን አይሁን ሲያጠራጥር ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለበት መጫወቻ፣ ይጣላል። ታሪኩ በአንድ ቀን አያልቅም። በየሳምንቱ ካቆሙበት ይቀጥላል። ተጫዋቾች ካምፔይን የሚሉት ይህንን ነው።

ጨዋታው እንደሚመስለው የትናንት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ እኛ ዘንድ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት መሆኑ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አዘጋጁት። ከዚያ በፊት ሰዎች በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ምስሎች የጦር ሜዳ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ አንድ ሰው ሠራዊት ሙሉ ያዛል። አርነሰን ያመጣው ትልቁ ለውጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊቱን ትቶ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ጋይጋክስ የሚኖረው ሌክ ጄኔቫ በምትባል ከተማ ነበር። እሷም እንደኛዋ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት። ይኼን ያነሳሁት ለባሕር ዳር ልጅ ደስ ስለሚል ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እንቆቅልሽ ያልተጫወተ እዚህ የለም። መልሱ ሲጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ አገር ይሰጠዋል፤ እዚያ ሄዶ እንዴት እንደተንደላቀቀ እያወራ ያልመለሰውን ያበሽቀዋል። የጨዋታው ቅመም ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ዘመቻ የሚጀምር መሪ የመጀመሪያ ሥራው አገር መስጠት ነው ባይ ነኝ። አዳዲስ መሪዎች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው። ክረምቱን ሙሉ ደብተር ሲሞሉ ይከርማሉ፦ የነገሥታቱ ትውልድ፣ የሰባት ከተማ ካርታ፣ የጦርነቱ ታሪክ። ከዚያ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ያነቡላቸዋል። ጓደኞቹ ጨዋ ስለሆኑ ይሰማሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ «ትንሽ ስላመመኝ ነው» ይላል። ደብተሩ በወፈረ ቁጥር ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

እናንተ አንድ መንደር፣ አንድ ወደብ፣ አንድ ችግር ይዛችሁ ኑ። የቀረውን ጠይቁ። «በዚህ ደሴት ማንን ትፈራለህ? የማን ዕዳ አለብሽ? ማታ ማታ ማንም የማይሄድበት ቦታ የቱ ነው?» የሚመልሱላችሁን ጻፉት። አገሩ እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ባለፈው ዘመቻችን እኔ ነበርኩ መሪው። «ጎህ ሲቀድ አንዲት ታንኳ ወደቡን ተጠግታ ቆማለች። ማገዶ ተጭኖባታል። ቀዛፊ የለባትም» አልኩ። አንዱ ሰይፉን መዘዘ። አንዱ ጠንቋይ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። አንዷ ጓደኛችን ግን፣ ዘመዶቿ ዘጌ በኩል ናቸው፣ ዝም ብላ ቆየችና «ደንገሉን እነካዋለሁ፤ ውሃ ጠጥቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር እየጠጣ ይከብዳል፣ ለዚህ ነው ባለቤቱ ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያደርቀው። እኔ ይኼ ጭራሽ በሐሳቤ አልነበረም። «እስቲ አንቺ ንገሪን» አልኳት። «አልጠጣም፤ ከላይም ከታችም ቀላል ነው። ይቺ ታንኳ ሌሊቱን ውሃ ላይ አላደረችም። አሁን ነው የገፏት፤ ከዚሁ ከመንደሩ» አለች። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ማን ገፋት? የሚለው ጥያቄ ለወራት አጫወተን፤ እኔ ካዘጋጀሁት ውስጥ የተረፈ ነገር ቢኖር ማገዶው ብቻ ነው።

ስለ ዳይስ ትንሽ ልበል። ዋናው ሃያ ገጽ አለው። በጨለማ ስትቀዝፍ ጉማሬ ብቅ አለብህ እንበል። መሪው «12 ከሞላህ ታመልጣለህ» ይላል፤ ቀዘፋ ስለምትችል 3 ይጨመርልሃል። ስለዚህ 9ና ከዚያ በላይ ካወጣህ ተረፍክ ማለት ነው። ከ20ው ገጽ 12ቱ ያድኑሃል፤ ከመቶ ስልሳ። የቀረውን አርባ እጅ ጉማሬው ያውቃል። ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ቢወድቅ ታሪኩ የሚቆም ከሆነ ዳይሱን ጭራሽ አታስጥሉ። በር ሊከፍት ጥሎ «አልተከፈተም» ተብሎ የሚቀመጥ ተጫዋች ያሳዝናል። «ተከፈተ፤ ጩኸቱን ግን ዘበኛው ሰማ» በሉት።

ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ባሕር ዳር ገበያ የት ይገኛል የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከ1 እስከ 20 በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ኩባያ ውስጥ አድርጋችሁ ዕጣ አውጡ፤ ያወጣችሁትን መልሳችሁ ክተቱ። ዘዴው የድህነት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳይስ ሲያጥረው አሳታሚው ራሱ በሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ብጣሽ ካርቶኖች አድርጎ ሸጧል። ሕጎቹም ቢሆኑ፣ መሠረታዊው ክፍል እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ማንም ምንጩን ጠቅሶ በነጻ እንዲጠቀምበትና እንዲተረጉመው ተለቋል። መብራት ቢጠፋ ሻማ ይበቃል፤ ኔትወርክም አያስፈልግም።

የምንጫወትበት ዓለምስ? ደጃችን ላይ ሐይቅ ተኝቶ ስለ አውሮፓ ግንብና በረዶ የምናወራበት ምክንያት አይታየኝም። በረዶ የምናውቀው ከሰማይ ሲወርድ ነው። ውሃውን፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ማዕበል፣ የዘጌን የቡና ጫካ፣ የጎርጎራን ፍርስራሽ ተዋሱ። ገዳማቱን ግን ተዉልኝ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ያረፈበት፣ ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ዛሬም የሚጸለይባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የሀብት መዝረፊያ ዋሻ አድርጎ መጫወት ነውር ነው። የራሳችሁን ደሴት ፍጠሩ፣ ስም አውጡለት፣ እዚያ የፈለጋችሁትን ቅበሩ።

ለዘንድሮው ዘመቻ እኔ የመረጥኩት ጠላት እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ነው። አትሳቁ! ጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ግድም እጥፍ ይሆናል። በጨዋታችን ሐይቅ ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ነው እጥፍ የሚሆነው፤ ሌሊት ሌሊት ይናገራልም። ካርታውን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አዘጋጅቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ካሬ አረንጓዴ እቀባለሁ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት ይሆናል። ማንም አይደነግጥም። በሰባተኛው ሳምንት 64 ካሬ ሲሆን ወደቡ ተዘግቷል። ተጫዋቾቹ ሲዘናጉ ካርታውን ወደነሱ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው የእኔ ሥራ፤ ማስፈራሪያ አያስፈልገኝም።

ወላጆች፣ በሹክሹክታ የምትሉትን ሰምቻለሁ፦ «ጥንቆላ አለበት አሉ።» እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ይኸው ስጋት ተነስቶ ብዙ አነታርኳል። ልጆቻችን ደራጎንን ያወቁት ከዚህ ጨዋታ አይደለም፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው፤ እዚህም የሚያሸንፈው ጦር የያዘው ነው። ቤታችሁ አስማት የሚባል ነገር እንዲነሳ ካልፈለገ ያለ አስማት እንጫወታለን፤ ነጋዴና ቀዛፊ ብቻ ይዘንም ጥሩ ታሪክ ይወጣል። ወንበር አለ፤ መጥታችሁ ከጎናችን ተቀመጡና ስሙ።

ዛሬ ዳይስ አንጥልም። የዛሬው ስብሰባ የስምምነት ነው፦ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ሳቅ ይብዛ ወይስ ፍርሃት፣ ምን አይነሳም። የመጨረሻው ይበልጥብኛል። ከመካከላችን ቤቱ ሐዘን ያለበት አለ፤ የተኩስ ድምፅ በጨዋታ እንኳ መስማት የማይፈልግ አለ። የማትፈልጉትን በወረቀት ጻፉልኝ፣ ስም አትጻፉበት፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም፣ ከታሪኩ ይወጣል። በመሃል የከበደው ሰውም እጁን ካነሳ ትዕይንቱን እንዘለዋለን።

ስለ ቀጠሮ ደግሞ እንነጋገር፤ ዘመቻን የሚገድለው ደራጎን ሳይሆን ቀጠሮ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ከመጡ ይጀመራል። የቀረው ሰው ገጸ ባሕርይ ታሟል ይባላል፣ ወይም እናቱ ጠርታዋለች። ለስድስት ቅዳሜ ብቻ ቃል እንግባ፤ ከዚያ በኋላ መቀጠል የሚፈልግ ይቀጥላል፣ የሰለቸው ያለ ቅሬታ ይሄዳል። ሳይመሽ ሁላችንም ወደየቤታችን እንገባለን። ቆሎ ይፈቀዳል። ዓሣ ጥብስ በልቶ ካርታዬን መንካት ግን ፍጹም ክልክል ነው።

እንግዲህ በየጠረጴዛው አምስት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ። እርሳስና ላጲስ ፊት ለፊታችሁ አለ። ስድስቱን ችሎታዎች፣ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆያቸው። ዛሬ የገጸ ባሕርያችሁን ስምና የአንድ ጥያቄ መልስ ብቻ ጻፉ፦ እምቦጩ ወደቡን ቢዘጋው መጀመሪያ የምትጎዳው ማን ናት? አመሰግናለሁ።