የአኩሪ አተር ስር እብጠት፦ ወዳጅ ወይስ ጠላት?

[ምስል፦ ለምለም ማሳ፣ መሃሉ በቦታ በቦታ የገረጣ]

ከፓዌ እስከ ጅማ አኩሪ አተር የምታመርቱ ሁሉ ይህን ማሳ ልብ ብላችሁ እዩት። ዳሩ ለምለም ነው፤ መሃሉ ግን በቦታ በቦታ ቀጭጯል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ቀና ይላል። ብዙ ሰው ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለዋል። ዩሪያ ከመጨመራችን በፊት ግን ስሩን እንይ።

በእጅ አትንቀሉት፤ ቀጭኑ ስር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አውጡትና ባልዲ ውኃ ውስጥ በቀስታ እጠቡት።

[ምስል፦ የታጠበ ስር በቅርበት]

ይቺ ክብ እብጠት ከስሩ ጎን ተለጥፋለች። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርጋት ተላቀቀች፤ በጥፍሬ ስሰነጥቃት ውስጧ ሮዝ ነው። ኖዱል ትባላለች፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎች ቤት ናት። ዘሩን በህያው ማዳበሪያ የምናሸው ለእሷ ብለን ነው። ይሄኛው ግን ብገፋው አይላቀቅም፤ ያበጠው ራሱ ስሩ ነው። ይህ የስር አሳባጭ ኔማቶድ ሥራ ነው። ገበሬ ይህን አይቶ "ዘንድሮ ኖዱሉ በዛልኝ" ብሎ ሲደሰት በጣም ያሳዝነኛል። ቪዲዮውን የሠራሁትም ለዚሁ ነው።

ኔማቶድ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ትል ናት፤ በዓይን አትታይም። አንዷ ሴት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ አፈሩ ሞቃት ከሆነ በወር ገደማ ሌላ ትውልድ ይተካል።

አሜሪካ ውስጥ በ1954 እ.ኤ.አ. ሰሜን ካሮላይና ላይ የተገኘው ግን ሲስት ኔማቶድ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። ስሩን አያሳብጥም፤ ከመርፌ ራስ ያነሱ ነጭና ቢጫ ፍሬዎች ሆኖ ስሩ ላይ ይታያል። በቆሎ ስለማያስጠጋው ማፈራረቅ ይጎዳዋል። የእኛኛው አሳባጭ ግን በበቆሎ ስርም ሊራባ ይችላል፤ ቲማቲም ላይማ ይፈነጫል። ስለዚህ ዝርያው ሳይታወቅ "በቆሎ አፈራርቁ" ብሎ መምከር ልክ አይመስለኝም።

አንዴ ከገባ በዚያው ወቅት የሚያድነው ነገር የለም። ከአጨዳ በኋላ የተጠቃውን ስር ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ በበጋ ደጋግማችሁ አርሳችሁ አፈሩን ለፀሐይ አስጡት። የታመመውን ቦታ መጨረሻ ላይ እረሱ፤ ማረሻውን ሳታጥቡ ወደ ሌላ ማሳ አትሻገሩ።

[ምስል፦ አፈር በፕላስቲክ ከረጢት]

ለምርመራ ከገረጣው ቦታ ዳር ዳር፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሳችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር ከነስሩ ውሰዱ። ቀላቅላችሁ በፕላስቲክ ቋጥሩትና ሳይደርቅ፣ ፀሐይም ሳያገኘው፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም የምርምር ማዕከል አድርሱት።